የመሲናው ልጅ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ወሬ ረጅም ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል፤ ዝናብም በረዶም ይወርድበታል። እኔ አልቸኩልም፤ እናንተም አትቸኩሉ። ወሬው የአንድ ጣልያናዊ ብስክሌት ጋላቢ ነው፤ ስሙ ቪንቼንዞ ኒባሊ። ዓመታቱን የምጠራላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጣልያንን ካርታ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ምድሪቱ ወደ ባሕር ወርዳ ወርዳ ጫፏ ላይ ስትደርስ ከፊቷ ሲሲሊ የምትባል ትልቅ ደሴት ትቆማለች። በመካከላቸው ያለው ባሕር እጅግ ጠባብ ነው፤ በጠበበበት ስፍራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ወዲህ ማዶ የቆመ ሰው ሲመሽ የወዲያ ማዶውን መብራት ያያል። ድልድይ ግን የለውም። ባቡር እንኳ እዚያ ሲደርስ ፉርጎው ተፈትቶ መርከብ ሆድ ውስጥ ይገባና ባሕሩን ተሻግሮ እንደገና ሐዲድ ላይ ይወጣል። በዚህ ሰርጥ ዳር ያለችው ከተማ መሲና ትባላለች። በ1908 ዲሴምበር 28 ገና ሳይነጋ መሬት ተንቀጥቅጦ አፈራርሷት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቆባት፣ ከዚያም በፍርስራሿ ላይ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት።

ቪንቼንዞ በዚያች ከተማ በ1984 ኖቬምበር 14 ተወለደ። አባቱ ሳልቫቶሬና እናቱ ጆቫና የቪዲዮ ካሴት እያከራዩ ይኖሩ ነበር፤ በዚያ ዘመን በየሰፈራችን እንደነበሩት ዓይነት ሱቅ ነበራቸው። አባትየው ብስክሌት የሚወድ፣ ራሱም የሚጋልብ ሰው ነበርና ልጁን ይዞት ይወጣ ነበር። ልጁ ግን በልጅነቱ አስቸጋሪ ነበር። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት አጥፍቶ አባቱ ሰማ፤ ያ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መጋዝ አነሣና የልጁን ብስክሌት ቆራረጠው። እስቲ አስቡት፤ እሱም የሚወደውን፣ ልጁም የሚወደውን ነገር በገዛ እጁ። አባት የሆናችሁ ያን መጋዝ የያዘው እጅ እንዴት እንደከበደው ታውቁታላችሁ። ልጁም ቅጣቱን ተቀበለ፤ ኋላም ተመልሶ ብስክሌት ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያወረደው ሰው አልነበረም።

ሲሲሊ ተራራ ሞልቷታል፤ ለወጣት ጋላቢ የሚሆነው ክለብና ውድድር ግን ያለው በሰሜን ነው። ስለዚህ 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከእናቱ ቤት ወጣ፤ ያን ጠባብ ባሕር ተሻገረ፤ ከዚያም የጣልያንን ምድር ሽቅብ ተጉዞ፣ በቶስካና ኮረብታዎች መካከል ማስትሮማርኮ የምትባል ትንሽ መንደር ገባ። እዚያም ካርሎ ፍራንቼስኪ የሚባል አሠልጣኝ ተቀበለውና በቤተሰቡ መካከል አኖረው። በልጅነቱ ከቤት ርቆ የኖረ ሰው ይህን አይረሳም፤ የሰው ቤት ምግብ ቢጥምም የሰው ቤት ነው፤ ማታ መብራት ሲጠፋ እናት ትታወሳለች። ልጁ ግን ጠዋት ተነሥቶ ይጋልብ ነበር፤ ማታ ይተኛ ነበር፤ እንደገና ጠዋት ይነሣ ነበር። በ2005 ፋሳ ቦርቶሎ የሚባለው ቡድን ቀጠረው፤ በማግስቱ ዓመት ወደ ሊኩዊጋስ ተዛወረና ገና በ21 ዓመቱ በፈረንሳይዋ በብሪታኒ ምድር የፕሉዌይን ውድድር አሸነፈ። የአገሩ ሰዎችም «የሰርጡ ሻርክ» ብለው ሰየሙት።

አሁን ለማታውቁት አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። በብስክሌት ዓለም ሦስት ታላላቅ ዙሮች አሉ፤ የጣልያኑ ጂሮ፣ የፈረንሳዩ ቱር፣ የስፔኑ ቩኤልታ። እያንዳንዱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በ21 የውድድር ቀን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጋለባል፤ የየቀኑ ሰዓት ይደመርና ድምሩ ያነሰው ሰው ያሸንፋል። መሪው በጂሮ ሮዝ፣ በቱር ቢጫ፣ በቩኤልታ ቀይ ማሊያ ይለብሳል። ብቻውን የሚያሸንፍ የለም፤ ጓደኞቹ ነፋስ ይከልሉለታል፤ ውኃ ያመላልሱለታል፤ ጎማው ሲፈነዳ የራሳቸውን ነቅለው ይሰጡታል። ሦስት ሳምንት ደግሞ ረጅም ነው። ሰው ይታመማል፤ ይርበዋል፤ ይወድቃል። ፀሐይ የሚወድ አለ፤ ብርድ የሚችል አለ። ዳገት ጉልበት ይጠይቃል፤ ቁልቁለት ግን ዓይንና ልብ ነው የሚጠይቀው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረረ፣ በቀጭን ጎማ፣ በረጠበ አስፋልት ላይ ፍሬን መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ ማወቅ። የመሲናው ልጅ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው ይህን ነበር። ከእሱ የበለጠ የሚወጡ ነበሩ፤ እንደ እሱ የሚወርድ ግን ጥቂት ነበር።

በ2010 ቩኤልታ ላይ ኢጎር አንቶን የሚባል የባስክ ልጅ ቀዩን ማሊያ ለብሶ ሲገሰግስ፣ በ14ኛው ቀን ወደ ፔኛ ካባርጋ ዳገት ሲቃረቡ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ፤ ማሊያውም ኒባሊ ጀርባ ላይ አረፈ። ከዚያም ተነጠቀው፤ በቀጣዩ የውድድር ቀን ግን በክሮኖ ሜትሩ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር በሚጋልብበት ውድድር፣ መልሶ ወሰደው። በመጨረሻው የተራራ ቀን ቦላ ዴል ሙንዶ በምትባለው ጫፍ ላይ ኤዜኪየል ሞስኬራ ጥሎት ሄደ፤ እሱ ግን አልደነገጠም፤ በራሱ ልክ እየረገጠ፣ እየረገጠ፣ ጫፉ ሲቃረብ ደረሰበት። በማግስቱ ማድሪድ ላይ አሸነፈ። ዕድሜው 25 ነበር።

ቀጥሎ የ2013ቱ ጂሮ። ያ ግንቦት ብርዱ ለጉድ ነበር፤ ከአልፕስ ተራሮች ላይ በረዶው አልነሣ ብሎ፣ በ19ኛው ቀን ውድድሩ ጭራሽ ተሰረዘ። ኒባሊ ሮዙን ማሊያ ለብሷል፤ ተከታዮቹን የሚበልጥበትም ሰዓት በቂ ነው፤ ተጠንቅቆ ቢያልፍ የሚከሰው የለም። በማግስቱ ግን ወደ ትሬ ቺሜ ዲ ላቫሬዶ ሲወጡ በረዶው እየወረደ ነበር፤ መንገዱ ዳር የቆመው ሕዝብ ነጭ ለብሷል፤ የጋላቢዎቹ እጅ በርዶ ማርሽ መቀየር ያቅታቸዋል። እና በዚያ ዳገት ላይ ከመካከላቸው ተነሥቶ ብቻውን ሄደ፤ ሮዙ ማሊያ በዚያ ነጭ ውስጥ ብቻውን ሲወጣ ታየ፤ መስመሩንም አንደኛ ሆኖ ተሻገረ። ማድረግ የማይገባውን ነገር ነው ያደረገው። እኔ ጋላቢውን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው እላለሁ፤ ማሊያውን መጠበቅ አልበቃውም፤ ሊያከብረውም ፈለገ።

ከዚያም 2014 መጣ፤ ቡድኑም አስታና ሆኗል። ጣልያን ቢጫ ማሊያን ፓሪስ ድረስ ለብሶ የገባ ልጅ ካየች 16 ዓመቷ ነበር። የመጨረሻው በ1998 ማርኮ ፓንታኒ ነበር፤ ያን ጊዜ ቪንቼንዞ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ፓንታኒን አገሩ ሁሉ ወደደው፤ በማግስቱ ዓመት የደም ምርመራ ከጂሮ አስወጣው፤ በ2004 ፌብሩዋሪ 14 ሪሚኒ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል ብቻውን ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ጣልያኖች ተራራ የሚወጣ ልጅ ባዩ ቁጥር ልባቸው ይነሣና መልሶ ይፈራ ነበር። ኒባሊ ወደ ቱር የሄደው ይህን ሁሉ ፍርሃት ተሸክሞ ነው።

ቱሩ ከእንግሊዝ ምድር ተነሣ። በሁለተኛው ቀን ሼፊልድ ከመድረሳቸው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ታላላቆቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ኒባሊ ተስፈንጥሮ ወጣና በሁለት ሰከንድ ቀደማቸው፤ ቢጫውን ለበሰ። ከዚያም ጁላይ 9 ደረሰ፤ አምስተኛው ቀን። መነሻው ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ናት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የስንት እናት ልጅ የረገፈባት ከተማ፤ ጦርነቱ የተጀመረበት መቶኛ ዓመት እየታሰበ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ ይወርዳል። መንገዱ በማሳ መካከል የሚያልፍ፣ ጋሪ ሲመላለስበት የኖረ፣ ጠርዙ የጎረበጠ፣ ጭቃ የለበሰ ኮብልስቶን ነው። የዓምናው አሸናፊ ክሪስ ፍሩም ያን ቀን ኮብልስቶኑ ላይ ሳይደርስ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደና በሩን ከፍቶ ገባ። ለእሱ ቱሩ በዚያ አበቃ። አልቤርቶ ኮንታዶር ጭቃው ውስጥ ደቂቃዎችን ጣለ። እናም ከሲሲሊ የመጣው፣ እንዲህ ባለ ድንጋይ ላይ ስም ያልነበረው፣ ክብደቱ ቀላል የሆነው ሰው፣ ፊቱ ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ የቡድን ጓደኛውን ያኮብ ፉግልሳንግን ይዞ፣ ለዚህ መንገድ ከተፈጠሩት ግዙፎች ጋር ጎን ለጎን ይጋልብ ነበር። ላርስ ቦም የሚባል ሆላንዳዊ አሸነፈ፤ ኒባሊ ሦስተኛ ገባ። ቱሩን ያሸነፈው ግን ያን ቀን ነው።

በጁላይ 14 ኮንታዶርም በረጠበ ቁልቁለት ላይ ወደቀ፤ የእግሩ አጥንት ተሰብሮ ሄደ። ኒባሊ ያን ቀን ላ ፕላንሽ ዴ ቤል ፊይ ላይ አሸነፈ፤ ከዚያም ሻምሩስ ላይ፤ ከዚያም ፒሬኔ ተራሮች ውስጥ ኦታካም ላይ። ፓሪስ ሲገባ ሁለተኛውን ዣን ክሪስቶፍ ፔሮን በ7 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ በልጦት ነበር። ሦስቱንም ታላላቅ ዙሮች ያሸነፈ በታሪክ ስድስተኛው ሰው ሆነ፤ ከፊቱ የነበሩት አንክቲል፣ ጂሞንዲ፣ መርክስ፣ ኢኖና ኮንታዶር ናቸው።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ሁለቱ ስለ ወደቁ ነው» አለ። እኔ ይህን ንግግር ፈጽሞ አልቀበለውም። ዝናቡ ለሁሉም ነው የዘነበው፤ ድንጋዩም የአንድ ሰው ድንጋይ አልነበረም። በዚያ ጭቃ ላይ ብስክሌትን አቁሞ መሄድ ራሱ ሥራ ነው፤ ከቁልቁለትና ከብርድ ጋር ለዓመታት የተማረው ሥራ። በዚያው መከር ሁለት የአስታና ጓደኞቹ፣ ወንድማማቾቹ ኢግሊንስኪዎች፣ በተከለከለ መድኃኒት ተያዙና የቡድኑ ፈቃድ ጥያቄ ውስጥ ገባ፤ ጥላውም ሁሉም ላይ ወደቀ። ኒባሊ ግን በሥራ ዘመኑ ሁሉ ተመርምሮ አልተገኘበትም። ይህም ይነገርለት።

ጥፋቱም ይነገር፤ ወሬ ሙሉ የሚሆነው እንዲህ ነው። በ2015 ቩኤልታ ሁለተኛ ቀን ላይ በሰው መውደቅ ምክንያት ወደ ኋላ ቀረ፤ ከዚያም የቡድኑን መኪና ይዞ ተጎተተ፤ ካሜራው አየው። ዳኞቹ ያን ማታ አባረሩት። ትክክል ፈረዱ። እሱም ወደ ቤቱ ሄደ፤ በኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ግን በጣልያን የመከር ውድድር በኢል ሎምባርዲያ መጣና፣ ከቺቪልዮ ኮረብታ ቁልቁል ሌሎቹ ሊከተሉት ባልደፈሩት ፍጥነት ወርዶ፣ ብቻውን ኮሞ ከተማ ገባ።

አሁን የምነግራችሁ የ2016ቱን ጂሮ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ስሙት። ኒባሊ ያን ግንቦት ደክሟል፤ ጋዜጦቹ አልቋል ብለውታል፤ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀር አራተኛ ነበር፤ ከመሪው ከስቴቨን ክራይስቫይክ 4 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ይርቃል። በዚያው ወር ደግሞ መሲና ውስጥ በስሙ በሚጠራው የታዳጊዎች ቡድን የሚጋልብ የ14 ዓመት ልጅ ልምምድ ላይ ሳለ ተሽከርካሪ ገጭቶት ሞቷል። ይህን ይዞ ነው የሚጋልበው። በ19ኛው ቀን ኮሌ ዴል አኜሎ ላይ ወጡ፤ ከፍታው 2,744 ሜትር ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ በረዶው ግንብ ሆኖ ቆሟል። ጫፉን አልፈው ቁልቁል ሲጀምሩ ክራይስቫይክ መታጠፊያውን ሳተ፤ ከበረዶው ግንብ ጋር ተላተመና ተገለባብጦ ወደቀ። ኒባሊ ወረደ፤ ከዚያም ወደ ሪሱል ዳገት ላይ ሁሉንም ጥሎ ብቻውን ገባ። መስመሩን አልፎም ብስክሌቱ ላይ ጎንበስ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ድሉንም ለሞተው ልጅ ሰጠ።

ሮዙ ማሊያ ያን ማታ የኮሎምቢያዊው የኤስቴባን ቻቬስ ሆነ፤ ኒባሊን የሚበልጠው በ44 ሰከንድ ነው። በማግስቱ ኮሌ ዴላ ሎምባርዳ ላይ ኒባሊ ተነሣ፤ ቻቬስ ሊከተለው ሞከረና አልቻለም፤ ሰከንዶቹ እየቀለጡ ሄዱ፤ ሳንታና ዲ ቪናዲዮ ሲደርሱ ማሊያው ባለቤት ለውጧል። ከባሕር ማዶ መጥተው ልጃቸውን እየጠበቁ የነበሩት የቻቬስ እናትና አባትም እዚያ ቆመው ነበር። ልጃቸው የዕድሜውን ሕልም ገና አሁን አጥቷል። እነሱም ወደ ኒባሊ ሄዱና አቅፈው እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ብዙ ድል ተነግሮኛል፤ ከዚያ ሁሉ እኔ የማስቀድመው የእነዚያን ሁለት ወላጆች እቅፍ ነው። ጂሮውን በማግስቱ ቱሪን ላይ በ52 ሰከንድ አሸነፈ።

ከሁለት ወር ጥቂት በኋላ የመውደቅ ተራው የእሱ ሆነ። ኦገስት 6፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ኦሎምፒክ። ከፊት ሦስት ናቸው፤ ራፋል ማይካ፣ ሰርጂዮ ኤናዎና ኒባሊ። ከቪስታ ቺኔዛ ቁልቁል እየወረዱ ነው፤ ከ12 ኪሎ ሜትር አይበልጥም የቀራቸው፤ የቁልቁለቱ ጌታ ደግሞ እሱ ነው። ኒባሊና ኤናዎ እዚያ ወደቁ። የኒባሊ የትከሻ አጥንት ተሰበረ፤ ወርቁን ግሬግ ቫን አቨርማት ወሰደው። ሌሎች ሲወድቁ ያለፈ ነው ተብሎ የታማው ሰው፣ ያን ቀን በራሱ ቁልቁለት ላይ ወደቀ።

በ2017 ባሕሬን መሪዳ ወደሚባል አዲስ ቡድን ገባ፤ እዚያም የእኛው የመቀሌ ልጅ ጽጋቡ ግርማይ አንድ ማሊያ ለብሶ ጓደኛው ሆነ። ጽጋቡ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። በዚያ ዓመት ኒባሊ ኢል ሎምባርዲያን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ።

በማርች 2018 ደግሞ ሚላኖ ሳን ሬሞ። 290 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ቀን ከሚጋለቡት ታላላቆች ረጅሙ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ፈጣኖቹ የመጨረሻ ሜትር ሰዎች ናቸው። ኒባሊ ግን ፖጂዮ በምትባለው የመጨረሻ ኮረብታ ላይ ወጣ፤ ቁልቁሉን ወረደ፤ በመጨረሻው ቀጥ ያለ ጎዳና ላይ ያ ሁሉ መንጋ እያጓራ ከኋላው ሲመጣበት ዞር ብሎ አየ፤ እንደገና ረገጠ፤ እጆቹን ሲያነሣ ጎማቸው ተረከዙ ላይ ደርሶ ነበር። ጣልያን ይህን ውድድር ካሸነፈች 12 ዓመቷ ነበር።

በዚያው ክረምት ቱር ላይ፣ አልፕ ዱዌ ዳገት ላይ፣ በሕዝብ ጩኸትና በጭስ መካከል የአንድ ተመልካች የካሜራ ማንጠልጠያ እጀታውን ያዘና ጣለው። ተነሣ፤ መሪዎቹን አሳደደ፤ ከአሸናፊው 13 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ ገባ። ማታ ሲመረመር የጀርባ አከርካሪው ተሰንጥቆ ተገኘ። በተሰነጠቀ ጀርባ ነው ያን ዳገት የጨረሰው። በ2019 ተመልሶ ቱር መጣና፣ የመሬት መንሸራተት መንገዱን ባሳጠረበት ቀን፣ በ34 ዓመቱ ቫል ቶራንስ ተራራ ላይ ብቻውን ገባ።

ዓመታት ሄዱ፤ በዕድሜ ከእሱ እጅግ የሚያንሱ ወጣቶች መጡ፤ ዳገት ላይም ጥለውት መሄድ ጀመሩ። በ2022 ሜይ 11 ጂሮው ከካታንያ ተነሥቶ መሲና ገባ። የተወለደባት ከተማ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችው፤ ውድድሩ እንዳለቀም በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደሚያቆም ተናገረ፤ ሲናገርም ድምፁ ተቆራረጠ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ስንብት ብቻ አላደረጋቸውም፤ ከወጣቶቹ ጋር ሲታገል ቆይቶ በ37 ዓመቱ ጂሮውን አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያም በኦክቶበር 8 ሁለት ጊዜ ባሸነፈው ኢል ሎምባርዲያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ቁጥር ለጠፈ። ከእሱ ጋር የዘመኑ ባላንጣ፣ ስፔናዊው አሌሃንድሮ ቫልቬርዴም ያን ቀን ይሰናበት ነበር። ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ፤ ቫልቬርዴ በ42 ዓመቱ ስድስተኛ ገባ፤ ኒባሊም ከሌሎቹ ጋር ኮሞ ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመትም አዲስ ለተቋቋመው ለኪው 36.5 ቡድን አማካሪ ሆኖ ሥራ ጀመረ።